ፉርሽካ ያልቀመሰችው ላም

እንደምን አደሩ፣ እትዬ ጌጤ? እንኳን ለልደታ አደረሰዎት። አይነሱ… ኧረ በማርያም አይነሱ! እኔ ለርስዎ ልነሳ እንጂ እርስዎ ለኔ ይነሳሉ? ኑሃሚን ነኝ። አዎ፣ የአገኘሽ ልጅ… ያቺ ዓይን አፋሯ፣ መጽሐፍ ታቅፋ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ የምትሄደው። ዓይንዎ አሁንም አልተሻለዎትም? አይዞዎት። እንዲያውም ዘንድሮ በዚህ ሰፈር ብዙ ባያዩ ነው የሚሻለው… ምንም አይደለም፣ የጠዋት ወሬ ነው።

ማንጎው እንዴት አድርጎ ይዟል! ጦጣዎቹ ግን መች አስተረፉላችሁ። ትናንት አንዷ ከዚህ ግቢ ቀጥፋ እኛ ጣሪያ ላይ ተቀምጣ በላች። እናቴ «ሂጂ!» ብትላት ዞራ እንኳ አላየቻትም። ጦጣ ግን አንድ ደግነት አላት፤ ሰርቃ ትበላለች እንጂ «ከራሴ ጓሮ ነው ያመጣሁት» አትልም።

ሴቶቹ በስንት ሰዓት ነው የሚሰበሰቡት? አምስት ሰዓት? እንግዲያው ጊዜ አለን። ያንን ሰፌድ ወዲህ ይበሉት፣ የሽፈራውን ቅጠል አብሬዎት ልሸምጥጥ። እጄ ሥራ ከያዘ አፌ አይፈራም።

ምራትዎ ጓዳ ናት መሰለኝ፤ የድስት ክዳን ሲንኳኳ ይሰማኛል። ኧረ አይጥሯት! ለሰፈሩ ሴት ሁሉ ምሳ የሚሠራ ሰው እንዴት ይጠራል? ነፍሰ ጡርም ናት፣ አያመላልሷት። ሰላምታዬ ከመጋረጃው አልፎ ይደርሳታል፤ መጋረጃው ስስ ነው። እኔ ደግሞ ወሬዬ ከርስዎ ጋር ብቻ ነው።

ይሄ ቅል? ወተት ነው። ቆይ፣ ኋላ እነግርዎታለሁ። እዚህ ጥላው ሥር ይቀመጥ።

እህ… እንዴት ደስ የሚል ሽታ ነው የሚመጣው! ኩርኩፋ ነው? በቆሎው ከጎመን ጋር ተድቦልቡሎ፣ በላዩ አይብ… ቅቤውስ? «ኦርጋኒክ» ነው አሉኝ? ወይ ጉድ። እኔ ይህን ቃል ስሰማ የኬሚስትሪ መምህራችን ነው ትዝ የሚለኝ። «ኦርጋኒክ ማለት ካርቦን ያለበት ማለት ነው፤ ነጭ ጋዝም ኦርጋኒክ ነው» ይለን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ይዤ የወጣሁት ይህንኑ ነው። እና አንድ ሰው «የኔ ምግብ ኦርጋኒክ ነው» ሲል እኔ በሆዴ «ነጭ ጋዝም እኮ…» እላለሁ። በሆዴ ነው። ያውቁኛል፣ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ተመርቄ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩትም በዚሁ ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ይጠሩኛል፣ ስሜን እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ ላብ በላብ ሆኜ እመለሳለሁ።

ከርስዎ ጋር ግን እንጃ፣ አፌ ይፈታል። ምናልባት ፊቴ ሲቀላ ስለማያዩት ይሆናል።

አንዲት ሴት አለች፣ እትዬ ጌጤ። ስሟን አልጠራም፤ ስም ከተጠራ ሐሜት ይሆናል ትላለች እናቴ። ሰፈሯንም አልናገር። እንበልና ሩቅ ነው… በጣም ሩቅ። ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል፣ ግን ማን ይወረውራል?

እንዴት ያለች ባለሙያ መሰለችዎ! ለቤተሰቧ የምታበስለውን ሁሉ በስልኳ እየቀረጸች ለሰው ታሳያለች። ሽርጧን ታጥቃ፣ ጸጉሯን በነጭ ሻሽ ሸብ አድርጋ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ቤተሰቦቼ» ብላ ስትጀምር… እውነቴን ነው፣ እኔ የሥራ ማመልከቻ እንኳ እንደዚያ አሳምሬ አልጀምርም። የዱባ ገንፎ በወተት፣ ሽፈራው በአይብ፣ ቦሎቄ በቅቤ… ሁሉም ኦርጋኒክ። ድስቱ ሸክላ፣ ማማሰያው እንጨት። የፕላስቲኩን ጭልፋ በጀርባዋ ደብቃ ትቀርጻለች ይላሉ፣ እኔ አላመንኩም። ሴት ልጅ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያላት።

ካሮቷን ቢያዩ ደግሞ! አፈሩ ሳይራገፍ ነው የምታሳየው። «ከመሬት በቀጥታ ወደ ማዕዳችን» ትላለች። ታች ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ ካሮቱን አጥበው አይደል የሚሸጡት? የሷ ብቻ እንዴት አፈር እንደያዘ ስገረም፣ አንዲት ጎረቤቷ «የታጠበውን ገዝታ ጓሮ ወስዳ ጭቃ ታስነካዋለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለችኝ። ተቆጣኋት። ንጹሕ ካሮት የሚያቆሽሽ ሰው አለ? እንቁላሉም ላይ ላባ… ተዉት፣ እሱን አልናገርም። ሰው ለቤተሰቡ ብሎ የማያደርገው ምን አለ?

እኔ እኮ የሚገርመኝ፣ እናቴ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ ስታድግ የበላችው ሁሉ ኦርጋኒክ ነበር። ማዳበሪያ መግዣ አጥተው በፍግ ዘሩ፣ ስኳር አጥተው ያለ ስኳር ጠጡ፣ ዘይት አጥተው በቅቤ ሠሩ። ያኔ ስሙ ድህነት ነበር። አሁን ከተማ ወርዶ ስም ቀየረ። ስሙን የቀየረ ሰው ደግሞ የድሮ ዘመዶቹን አያውቅም፣ አይደል እንዴ?

ለቤተሰቧ ያላትን ፍቅር ልንገርዎ። ጨው ቀነሰችላቸው፣ ስኳር አስቀረችላቸው፣ ዘይቱን ከቤት አስወጣች። አማቷ አንዲት አሮጊት ናቸው አሉ፣ ዳታ የሚወዱ… ያ ቀዩ፣ ምላስ የሚቆነጥጠው ዳታ ከሌለ እህል የማይወርድላቸው። «ለጨጓራዎ ነው፣ እማዬ» ብላ አስተወቻቸው። አሮጊቷ ዝም አሉ። ደግ ሰው ናቸው፣ ዝም ይላሉ። … ምን ያስቅዎታል፣ እትዬ ጌጤ? ያውቋቸዋል እንዴ? ባሏም ቢሆን በምግቧ ከመርካቱ የተነሳ ምሳ ሰዓት ላይ ሲቀላ አንድ ክትፎ ቤት በር ላይ ቆሞ ፈጣሪውን ሲያመሰግን አይቼዋለሁ። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን አላየሁም። ሲወጣ ነው ያየሁት።

ይህን ሁሉ ምን አመጣው? … አዎ፣ ወተት።

የእናቴን ወተት ያውቁታል። ልጅዎ ያደገው በሱ ነው። እናቴ አባቴን ተከትላ ከኦቾሎ ስትወርድ ይዛ የመጣቻት ጊደር ነበረች፤ ቦራ የዚያች ጊደር የልጅ ልጅ ናት። እኔን ያስተማረችኝም ቦራ ናት። ደብተሬም ጫማዬም ከሷ ጡት ነው የወጣው። የተመረቅሁ ዕለት እናቴ ጋውኑን እንደለበስኩ በረት ወስዳ ቦራ ፊት አቆመችኝ፤ «እያት፣ አንቺ ነሽ ያስመረቅሻት» አለቻት። ቦራም ባርኔጣዬ ላይ ያለውን ክር ጎርሳ ነበር… በስንት ልመና ተፋችው።

እናቴ ሣር ታጭዳለች፣ ሣር ሲያንስ ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ ታመጣለች። ደብቃ አይደለም፤ በቀን፣ በራሷ ተሸክማ፣ በዚህ በናንተ በር ነው የምታልፈው። ልብሷም ጸጉሯም ነጭ ሆኖ። እርስዎ እንኳ «አገኘሽ፣ ሸበትሽ?» ብለው ይቀልዱባት ነበር።

ሁዳዴን ማን ወተት ይገዛል? ከማይጾሙት ጥቂት ጎረቤቶች በቀር ማንም። እናቴ ሃምሳ አምስቱን ቀን ታገሠች። «ፋሲካ ይምጣ እንጂ ደንበኞቼ ይመለሳሉ፤ በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የለበትም» እያለች። ፋሲካ መጣ። ደንበኞቹ ግን…

በፋሲካ ማግስት ያቺ ስሟን የማልጠራት ሴት፣ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ምን አለች መሰለዎ? እናቴን አልሰደበችም! ኧረ በፍጹም፣ እሷ ጨዋ ናት። «አንዳንድ ላሞች ፉርሽካ ይበላሉ። የፉርሽካ ወተት ለሕፃንም ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። እኔ ለቤተሰቤ የማበስለው ከጨንቻ በሚመጣ ኦርጋኒክ ወተት ነው፤ ላሟ ከተፈጠረች ፉርሽካ ቀምሳ አታውቅም» ብቻ ነው ያለችው። በዚያ ሰፈር ላም ያላት ስንት ሴት ናት? አንድ። የሰው ስም ሳይጠሩ ሰውን መንካት እንዴት ያለ ችሎታ ነው! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ገና መማሬ ነው። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ እስኪጨርሱ ተቀመጠች።

ከዚያ አንድ በአንድ ቀሩ። ሻሺቱ፣ የዚህች የጎረቤታችን የሻሺቱ ሆድ፣ መነፋት ጀመረ። ሃያ ዓመት የእናቴን ወተት ጠጥታ ያልተነፋው ሆድ ያ ንግግር በተነገረ በሦስተኛው ቀን ተነፋ። የሰው ሆድ ጆሮ አለው እንዴ፣ እትዬ ጌጤ? አሁን ሻሺቱ የምትወስደው የዚያችን ሴት ወተት ነው። ሴትዮዋ ለቤተሰቧ ካበሰለችው የተረፈውን ለጎረቤት ታካፍላለችና። በነጻ አይደለም፤ በነጻ ቢሆን ማን ኦርጋኒክ ነው ብሎ ያምናታል? «ይሄኛው የሣር ሽታ አለው፤ ሆዴም ተኛልኝ» ትላለች ሻሺቱ። እግዚአብሔር ይመስገን። የሆድ እንቅልፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ሻሺቱ እናቴን ልታስተምራት አንድ ኩባያ ይዛ መጣች። «ቅመሺውና ልዩነቱን እይ» ብላ። እናቴ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይታ፣ «ጥሩ ላም ናት» አለች፤ «ባለቤቷም ደህና አድርጋ ይዛታለች… ግን ይቺ ላም ፉርሽካ ትወዳለች» አለች። ሻሺቱ በሳቅ ሞተች። «አገኘሽ ቀናች!» ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ የለም የድሮ ሰዎች? ያ ሰውዬ ሞኝ ነበር፣ ይተዉት። የዘመኑ ሰው ላሙን ጨንቻ ጉም ውስጥ ያስቀምጣል፣ ወተቷን ግን በየጠዋቱ ያያል። የማትታየው ላሟ ብቻ ናት።

ገነነን ያውቁታል፣ ባለ ባጃጁን? እናቴ ደንበኛ ባለቀባት ሰሞን «ለአንድ ሎጅ ወተት ይፈለጋል፣ ቱሪስቶች ናቸው የሚጠጡት» ብሎ መጣላት። የሚሰጣት ትንሽ ነው፤ ከሚደፋ ብላ ተቀበለችው። ቱሪስት ስለተባለች ደግሞ ወግ ይድረሰው ብላ፣ ቅሉን በወይራ ታጥናለች፣ አፉን በእንሰት ቅጠል ትሸፍናለች፣ ቅጠሉን በቃጫ ታስራለች። «ባዳም ቢሆን እንግዳ ነው» ትላለች። ማን ይጠጣው ማን ሳታውቅ እንዲህ የምታደርግ ሴት ናት። እኔ ብሆን በጀሪካን ነበር የምሰጠው።

ቋጠሮዋን እንኳ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። አባቴ ከባለቤትዎ ከነፍስ ኄር አቶ ባዘዘው ጋር ጎን ለጎን ጉድጓድ ቆፍረው አይደል ሲሸምኑ የኖሩት? ድር ሲበጠስ የሚቀጥሉባት ቋጠሮ አለች… ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ ሁለቱም ጫፎቿ በአንድ ጎን የሚተኙ። የሸማኔው ሁሉ ወደ ቀኝ ይተኛል። የአባቴ ወደ ግራ ነበር፣ ግራኝ ስለነበረ። አቶ ባዘዘው «የግራኝ ቋጠሮ የሠራውን አያስክድም» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እናቴ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። እናቴ ያቺን ቋጠሮ ከአባቴ እጅ ተማረች። አባቴ ከሞተ በኋላ ሸማ ላይ የሚያስራት የለም። የቀረችው ቃጫ ላይ ብቻ ነው።

ከትናንት በስቲያ… ያቺ የሩቋ ሴት አዲስ ነገር ለቀቀች። ወተቷን ልታሳይ። ቅሉን አነሳች፣ አዞረችው፣ ስልኩን አስጠጋችና «ይህን ቋጠሮ እዩልኝ፣ የጨንቻ እናቶች የንጽሕና ማኅተም ነው!» አለች። አስጠጋችው፣ እግዜር ይስጣት፤ እንደ ገጽ ነው የሚነበበው። ሁለቱም ጫፍ ወደ ግራ ተኝቷል።

አስተያየት ልጽፍላት አሰብኩ። አራት ጊዜ ጻፍኩ፣ አራት ጊዜ አጠፋሁ። በመጨረሻ የልብ ምልክት ሰጥቻት ዘጋሁት። ይህን ያህል ነው ጀግንነቴ።

ለእናቴ ግን አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ አየችው። «በዓለም ላይ ያለ ግራኝ አባትሽ ብቻ ነው?» ብላ ሳቀችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ያን ዕለት ሽንኩርቱ በጣም አስለቀሳት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ገነነ ደወለ። ከትናንት ጀምሮ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው፣ ባጃጁ ንቅንቅ አትልም። «የዛሬውን ወተት አንቺ አድርሺልኝ፤ ድግስ አለባቸው፣ የግድ ይፈልጉታል» አለኝ። «ሎጁ የት ነው?» አልኩት። ስለ ነዳጁ ወሬ ጀመረ። እንደገና ጠየቅኩት። «ሎጅ አይደለም… ከግቢያችሁ ወጥተሽ ወደ ቀኝ ታጠፊ፣ አረንጓዴ በር ታገኛለሽ» አለኝ።

እኔም በሰፈራችን ስንት አረንጓዴ በር እንዳለ ላጣራ ወጣሁ። … አርባ ሦስት እርምጃ ነው፣ እትዬ ጌጤ። ቅሉን ይዤ እየቆጠርኩ ነው የመጣሁት።

ገነነ ምስኪን ነው፤ አንዴ ከጀመረ ሁሉንም ዘረገፈው። በየጠዋቱ ወተቱን ከእናቴ ይቀበላል። ከመቀመጫው ሥር ያደርገዋል። ሰው ጭኖ ሲቀላ ይወርዳል፣ ያራግፋል፣ ሌላ ይጭናል፣ ወደዚህ ወደኛ፣ ወደ ሴቻ ይመለሳል። ከዚያ ነው አረንጓዴው በር። «አጠገባቸው አይደለን? ለምን በእጅህ አትወስደውም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ከጨንቻ የሚመጣ ሁሉ በሲቀላ በኩል ነው የሚወጣው፤ ከታች ስመጣ መታየት አለብኝ» አለኝ። እና ወተቱ በየቀኑ ከተማ ይጎበኛል ማለት ነው! እኔ ዲግሪ ይዤ ሲቀላ የምወርድበት ጉዳይ አጥቻለሁ፣ የቦራ ወተት በየቀኑ ወርዶ ይወጣል። ሲሄድ ፉርሽካ የበላች ላም ወተት ነው፤ ሲመለስ ፉርሽካ ቀምሳ የማታውቅ። ኧረ እንዲህ ያለ ባጃጅ ለሕሙማንም ይሞከር!

ያቺ ሴት ግን ወተቱ የማን እንደሆነ አታውቅም ይሆናል እላለሁ። ሰውን በቅን ማሰብ ጥሩ ነው። ገነነ ነው ያታለላት ይሆናል። «በጓሮ በኩል አግባው፣ አገኘሽ እንዳታይህ» ያለችውም ስለ ሌላ አገኘሽ ይሆናል። አገኘሽ የሚባል ሰው በጋሞ ሞልቷል።

እስቲ ያንን ቅል… አይ፣ እኔው ላምጣልዎ። እዚህ ጉልበትዎ ላይ ይያዙት። ዓይንዎ ቢደክም ጣትዎ አልደከመም፤ አርባ ዓመት ጥጥ የፈተለ ጣት ነው። ቅጠሉን ይተዉት፣ ቃጫውን ይዳስሱልኝ። ወደ ላይ… እዚያ ጋ። አገኟት? ጫፎቿ ወዴት ነው የተኙት?

…

አልሰማሁዎትም፣ እትዬ ጌጤ። … አዎ። ግራኝ።

እኔ ምንም አላልኩም። እርስዎ ነዎት ያሉት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ግን እውነትና ወተት እያደር ይረጋል እላለሁ፤ ዝም ብለው ካስቀመጡት ቅባቱ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ መናጥ እንኳ አያስፈልገውም። … ምነው ጓዳው ጸጥ አለ? ክዳኑም ዝም አለ። ቆይ… ምንድን ነው የሚሸተው? ወተት ገነፈለ! ምራትዎን ይጥሯ… ለነገሩ እዚያው አጠገቡ ናት። ወተት ጥዶ ጆሮን ሌላ ቦታ መላክ ጣጣው ይህ ነው። ምናለ፣ ጨንቻ ወተት ሞልቷል።

እኔን አይዩኝ። ሽፈራውን ከነዘንጉ ነው ሰፌዱ ላይ የጣልኩት፤ ቆይ፣ ለቅሜ አወጣዋለሁ።

ቅዳሜ ነው የሚመጣው፣ ኤርጫፎ። ላም ነጋዴ ነው፣ የካምባ ሰው። ቦራን አይቶ ወዷታል፤ ጥርሷን አየ፣ ጡቷን ዳበሰ፣ «ገመድ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። እናቴ «ለአንድ ባለ ባጃጅ ተብሎ ላም አይያዝም፤ የፉርሽካዋን እንኳ አይችልም» ትላለች። ትናንት መዥገሯን እየለቀመችላት «ካምባም ሣር አለ፣ ካምባም ሣር አለ» ስትል ሰማኋት። ለቦራ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም። ለልደታ ንፍሮም አልመጣም ብላለች። «ፉርሽካ እሸታለሁ፣ ሴቶቹን ምግብ እዘጋባቸዋለሁ» ነው ያለችው። ከኦቾሎ ከወረደች ጀምሮ ልደታን ከዚህ ማንጎ ሥር ያልዋለችው ዛሬ ብቻ ነው።

የገነነን ወሬ ዛሬ ስነግራት ደግሞ… እትዬ ጌጤ፣ ይሄን ብቻ ልንገርዎትና ላብቃ። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ቅሉን ተቀበለችኝና ቦራ ሥር ተመልሳ ተቀመጠች። «ነፍሰ ጡር ናት» አለችኝ፤ «የመጨረሻውን ላልብላት፣ ቅባቱ ያለው እሱ ላይ ነው።» እና በዚህ በያዙት ቅል ከላይ ያለው እሱ፣ የመጨረሻው እልቢ ነው። ለዚያች ለሩቋ ሴት ማለቴ ነው። እሷም ነፍሰ ጡር ናት… መገጣጠም ነው።

እኔ ይህን ሁሉ የተናገርኩት ምንም እንዲያደርጉልኝ አይደለም። አሽሙርም አልወድም። ለአንዷ እየነገሩ ሌላዋን ማሳቀቅ ነውር ነው ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ። አሳደገችኝ እንጂ…

በሩ ተንኳኳ። መጡ! የሻሺቱ ድምፅ ነው፤ የሆዷስ ደህና መሆን ከድምጿ ያስታውቃል። እንግዲህ እኔ ልሂድ፤ ሰው ሲበዛ ያውቁኛል፣ እጠፋለሁ። ቅሉን ወዴት ላድርገው? ጓዳ ላግባው?

ምን አሉኝ?… መሀል ላይ? ማንጎው ሥር፣ ንፍሮው አጠገብ? ሁሉም በሚያዩት ቦታ?… እሺ። ቃጫውን ሳልፈታ? እሺ፣ አልነካውም።

የኋለኛውን እንደገና ይበሉልኝ እስቲ፣ እትዬ ጌጤ። እኔ ሰምቻለሁ፤ ሻሺቱ ነች በደንብ ያልሰማችው። ጮክ ብለው ይበሉት… «አገኘሽን ጥሪያት፤ ያሰረችው ትምጣና ትፍታው።»

እሺ፣ እትዬ ጌጤ። እሮጣለሁ። ፉርሽካዋን ሳታራግፍ ነው ይዣት የምመጣው። አርባ ሦስት እርምጃ ነው፣ በሲቀላ አልዞርም።

ከመውጣቴ በፊት ግን… በልደታ ቀን ሳይመርቁ ከሰው ቤት መውጣት ደስ አይልም። በዚህ በመጋረጃው በኩል ልበለው፤ ከዚህ ወዲያ ለዚያች ለሩቋ ሴት ነፋስ ያደርስልኛል።

ልደታ ማርያም ትቅረብሽ፣ እህቴ። ምጥሽን እንደ እንቅልፍ ታቅልልሽ። እጅሽ እንደተባረከ፣ ማዕድሽ እንደሞላ ይኑርልሽ። በሰላም ተገላገዪ፣ ጡትሽ ይሙላ፣ እንደ ቦራ ይፍሰስ። ልጅሽን ታቅፈሽ ስታጠቢም የሰፈሩ ሴት ሁሉ… ወተቱ የራስሽ ነው ብሎ ይመንልሽ።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ ጌጤ።